መጀመሪያ «ወዴት ነህ?» እንበል

(በአዲስ የትምህርት ዘመን መክፈቻ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች አገልግሎት ሠራተኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተማሪዎች አገልግሎት ባልደረቦቼ፣ ዶርም የምትቆጣጠሩ ፕሮክተሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ። እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ኑ፤ እጠብቃለሁ። ... እሺ፣ አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። የተማሪዎች ሥነ ምግባር ደንብ የምትባለውን መጽሐፍ የተቀበላችሁ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ፤ ሁላችሁም ማለት ይቻላል። የመጨረሻውን ገጽ ፈርማችሁ የመለሳችሁስ? አሁንም ብዙ እጅ አለ። አንብባችሁ የፈረማችሁስ? ... አያችሁ፤ እጆቹ ወረዱ። አልወቅሳችሁም። እኔም ተማሪ እያለሁ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ኋላ ግን ለዓመታት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ስቀመጥ አንድ ነገር ታዘብኩ። ተማሪ ደንቡን የሚያነበው ክስ ሲደርሰው ነው። ያኔ ደግሞ ፈርቶ ነው የሚያነበው። ፈርቶ ለሚያነብ ሰው ቅጣቱ ብቻ ነው ጎልቶ የሚታየው። መብቱ አይታየውም።

ዛሬ ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ደንቡ ነው። ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ሦስተኛው ድጋፍ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሦስት ቢሮ፣ በሦስት ፋይል ነው የሚኖሩት። ተማሪው ግን አንድ ነው። ይህችን ያዙልኝ። ተማሪው ግን አንድ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት የአንድ ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ማንነቱን የሚያሳብቅ ነገርም ቀይሬያለሁ። የት እንደሆነም አልናገርም።

ልጁ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ክሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቤተ መጻሕፍት ከተዘጋ በኋላ አልወጣም ማለት፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ሁለተኛው፣ ጥበቃውን መስደብ። እኛ አምስት ሆነን ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠናል። እሱ ከፊታችን ብቻዋን በተቀመጠች ወንበር ላይ ነው። የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘግቷል። በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። አራት ላይ አጥፎ፣ ደግሞ ስምንት ላይ አጥፎ፣ የክብሪት ቀፎ አሳክሎታል። ሰብሳቢያችን ጠየቁት።

«የቀረበብህን ክስ ታምናለህ?»

ዝም።

«አታምንም?»

ዝም።

«ካልተናገርክ እንዳመንክ እንቆጥረዋለን።»

አሁንም ዝም። እኔ ከሰብሳቢው ጎን ነበርኩ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ልጁ ለአንድ ሴሚስተር ታገደ።

ተነስቶ ሲወጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። ስብሰባው አልቆ ፋይል ስንሰበስብ ዓይኔ አረፈበት። ገለጥኩት። የቅሬታ ማመልከቻ ቅጂ ነው። የዶርም ጓደኛው እንደሚዝትበት ይናገራል። ሌሊት በሩን ከውስጥ ቆልፎ ውጭ እንደሚያስቀረው ይናገራል። አንድ ቀን እንደመታው ይናገራል። «እባካችሁ ክፍል ቀይሩልኝ» ይላል። ከላይ በኩል «ገቢ» የሚል ማህተም አለው። ማህተሙ ላይ ያለው ቀን ከሰባት ሳምንት በፊት ነው። ከማህተሙ ሌላ ምንም ነገር አልተጻፈበትም። ማመልከቻው የገባበት ቢሮ ደግሞ እኛ ከተሰበሰብንበት ክፍል ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው።

ሁለት በር! ልጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያደረው ሰው ለማስቸገር አይደለም። የሚያድርበት አጥቶ ነው። በአንዱ ቢሮ መልስ ያጣው ቅሬታ ነው በሌላው ቢሮ ክስ ሆኖ የመጣው።

ታዲያ ለምን አልተናገረም? ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ እዚያው እጁ ላይ እያለ፣ ለምን አላሳየንም? ይህን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። እመለስበታለሁ።

አንደኛው ነጥብ፣ ደንቡ።

ደንብ ያስፈልጋል። ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ተማሪ መብት ሲወራ ደንብ ጠላት የሚመስላቸው አሉ። ሌሊት ዶርም ውስጥ ሰው ሲደበደብ፣ ሴት ተማሪ በምሽት ስትተነኮስ፣ ፈተና ሲሰረቅ፣ ደንብ ከሌለ የሚጎዳው ደካማው ነው። ጉልበተኛ ደንብ አያስፈልገውም። ደንብ የሚያስፈልገው ጉልበት ለሌለው ነው። ያ ልጅ እኮ ደንብ በጊዜው ቢሠራለት ኖሮ እኛ ፊት አይቀርብም ነበር።

ጥያቄው ደንቡ እንዴት ነው የሚሠራው የሚለው ነው። በየዓመቱ ለአዲስ የኮሚቴ አባላት የምነግራቸው አንድ የቆየ ጉዳይ አለ። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሪቻርድ ቤንትሊ የሚባል ትልቅ ሊቅ ነበር። በካምብሪጅ የትሪኒቲ ኮሌጅ ኃላፊ ነው። የዶክትሬት ማዕረግ ከሚቀበሉ ሰዎች በተቀበለው ክፍያ የተነሳ ጠብ ገባ፤ ከከፋዮቹ አንዱም በዩኒቨርሲቲው ችሎት ከሰሰው። ቤንትሊ ችሎቱን ናቀ፤ መጥሪያ ይዞ የመጣውንም ሰው በክፉ ቃል ሸኘው። ዩኒቨርሲቲው በ1718 ዲግሪዎቹን ገፈፈው። በዚህ ጉዳይ ሳይጠራው። ሳይሰማው። ሰውየው ጠበኛ ነበር፤ ብዙ ወዳጅም አልነበረውም። ቢሆንም ወደ ንጉሡ ችሎት ሄደ። በ1723 ዲግሪዎቹ እንዲመለሱለት ተወሰነ። ከዳኞቹ አንዱ ፎርቴስኪው ይባላሉ። እግዚአብሔር እንኳ አዳምን ጠርቶ መልሱን ሳይሰማ አልፈረደበትም አሉ። «ወዴት ነህ?» ነው ያለው መጀመሪያ። ከዛፉ በላህን ብሎም ጠየቀው።

አስቡት እስቲ። እግዚአብሔር አዳም የት እንደተደበቀ ጠፍቶት ነው? ሁሉን የሚያውቅ ጠይቆ ከፈረደ፣ እኛ ምን አውቀን ነው ሳንጠይቅ የምንፈርደው?

ሌላም ልጨምር፤ ይኼኛው ቀጥታ የተማሪዎች ነው። በ1960 በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጥቁር ተማሪዎች በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ባለው ለነጮች ብቻ በተፈቀደ ምግብ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ኮሌጃቸው ዘጠኙን አባረረ። በምን እንደተከሰሱ በቅጡ አልተነገራቸውም። ቀርበው አልተሰሙም። ደብዳቤ ብቻ ነው የደረሳቸው። በ1961 የይግባኝ ፍርድ ቤት የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪ ክሱ ሳይነገረውና ሳይሰማ ሊባረር አይችልም ብሎ ወሰነ። የዲክሰን ጉዳይ ይባላል። ከዚያ በፊት በብዙ ፍርድ ቤቶች ዓይን ዩኒቨርሲቲ በወላጅ ቦታ ያለ ነው። አባት ልጁን ሲቆጣ ማን ይጠይቀዋል? የዲክሰን ውሳኔ ያንን አስተሳሰብ ነው የነቀነቀው።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ክስ ቢደርሳችሁ ምን መጠበቅ አለባችሁ? ክሱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። የትኛውን አንቀጽ እንደጣሳችሁ ይጻፍ፤ «ሥነ ምግባር መጣስ» የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም። ለመዘጋጀት ቀን ይኑራችሁ። የቀረበባችሁን ማስረጃ እዩት። ደንባችሁ ከፈቀደ ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ ጓደኛም ይሁን የተማሪዎች ኅብረት ተወካይ። የከሰሳችሁ ሰው ዳኛ ሆኖ እንዳይቀመጥ ጠይቁ። ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሳችሁ። የይግባኙም ቀን ይነገራችሁ። ለኮሚቴ አባላት ደግሞ ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል ብትሉኝ እስማማለሁ። ይፈጃል። እኛ ግን የአንድን ሰው ሴሚስተር በሩብ ሰዓት ወስደናል።

እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር ላንሳ፤ ሰሞኑን ብዙ ተማሪ እየጠየቀኝ ስለሆነ ነው። ጽሑፍ በኤአይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የተጻፈ መሆኑን እንለያለን የሚሉ መሣሪያዎች መጥተዋል። መምህሩ አሳይመንቱን ያስገባል፤ ይህን ያህል በመቶ የማሽን ነው የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ ክስ ይሆናል። ወዳጆቼ፣ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ በሐምሌ 2023 ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ከአገልግሎት አውጥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ፈተሹ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የጻፏቸውን ድርሰቶች ሰጧቸው። መሣሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ የሚበልጡትን የማሽን ናቸው አሉ። በሰው እጅ የተጻፉ ናቸው እኮ! በሁለተኛ ቋንቋ የሚጻፍ ጽሑፍ ቃሉ ቀለል ይላል፤ ማሽኑ ያንን ነው የያዘው። ኩረጃን አልደግፍም። መጠርጠርም መብት ነው። ግን ከጠረጠራችሁ ልጁን ጥሩት። ረቂቁን አሳየኝ በሉት። የጻፍከውን በቃልህ አስረዳኝ በሉት። አምስት ደቂቃ ካወራችሁት ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ቅሬታ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ትልቁ ቁስል ያለው እዚህ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አንድ የማጠቃለያ ፈተና ተፈተንን። አራት ጥያቄ ነው። አራተኛውን የመለስኩት በመጨረሻው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ውጤት ሲወጣ ከጠበቅሁት በጣም ዝቅ አለ። ወረቀታችንን እንድናይ ሲፈቀድ ገለበጥኩት። ከፊት ያሉት ገጾች በቀይ እስክሪብቶ ተሞልተዋል። የጀርባው ገጽ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችም። አልታየም ማለት ነው። ወደ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩኝ። «ከእኔ ጋር ነገር ልትፈልግ ነው?» አሉኝ። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ይቅርታ ያልኩት እኔ ነኝ! በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ኮርስ እሳቸው ነበሩ የሚሰጡን። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ለማን እንደምናገር አላውቅም ነበር። ያ ውጤት እስከ ዛሬ ትራንስክሪፕቴ ላይ አለ።

ስንቶቻችሁ ናችሁ «ሆድ ይፍጀው» ያላችሁ? እጅ አላስወጣችሁም። ግን ሆድ አይፈጀውም። የታመቀ በደል የሆነ ቦታ ይወጣል። ወይ በስድብ ይወጣል፤ ልጁ ጥበቃው ላይ እንዳደረገው። ወይ በድንጋይ ይወጣል። ወይ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባና ሰውየውን ይበላዋል።

ቅሬታን በወግ መስማት ሩቅ መንገድ የተጓዘ ሐሳብ ነው። ስዊድን በ1809 የመጀመሪያውን የፓርላማ ኦምቡድስማን አቋቋመች። በአማርኛ «እንባ ጠባቂ» እንለዋለን፤ ይህ ቃል በጣም ደስ ይለኛል። ካናዳ ውስጥ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ በ1965 ተመሳሳይ ቢሮ ሲከፈት ያቋቋሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ በ2004 በወጣ ሕግ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ውጭ የሆነ አካል የተማሪዎችን ቅሬታ እንዲያይ ተደረገ። ተማሪው አንድ ሳንቲም አይከፍልም። አሠራሩ ውስጥ ሁለት ነገር እወድለታለሁ።

አንዱ ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቅሬታውን፣ ይግባኙን ጨምሮ፣ በ90 ቀን እንዲጨርስ ይጠበቃል። ሲጨርስም «እኔ ዘንድ ጉዳይህ አልቋል፤ ካልተስማማህ ወደዚህ ሂድ» የሚል ደብዳቤ ለተማሪው ይሰጣል። ከዚያ ተማሪው ወደ ውጭው አካል ለመሄድ 12 ወር አለው። «ነገ ተመለስ» የሚባል ነገር መጨረሻ ተበጀለት ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ያ አካል ውጤት አይቀይርም። ይህ ድርሰት ቢ ነው ወይስ ሲ የሚለው የመምህሩ ሙያ ነው። ነገር ግን የጀርባው ገጽ ታይቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ደንቡ በሚለው መሠረት ታርሟል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መምህራን፣ እባካችሁ ይህን ልዩነት አስተውሉልኝ። ተማሪ ቅሬታ ሲያቀርብ ሙያችሁን እየደፈረ አይደለም። አብዛኛው ተማሪ «ገጹን ገልብጡልኝ» ነው የሚለው።

ለተማሪዎች አንዳንድ የሥራ ነገር ልስጥ። ቅሬታ ስትጽፉ ስሜታችሁን ሳይሆን የሆነውን ጻፉ። ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ። «ሁልጊዜ ይበድለኛል» ከማለት «ማክሰኞ ዕለት፣ ከሌሎች ፊት፣ እንዲህ አለኝ» ማለት ይሻላል። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ክፍል ይቀየርልኝ፤ ወረቀቴ በሌላ መምህር ይታይልኝ፤ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። ብዙ ቅሬታ መልስ የሚያጣው የሚጠየቀው ነገር ስለማይታወቅ ነው። ቅጂ አስቀሩ። ቅጂው ላይ ማህተም አስደርጉ። በኢሜል ከሆነ ቀኑ ራሱ ምስክር ነው። መልስ መቼ እንደምታገኙ እዚያው ጠይቁና የተነገራችሁን ቀን ቅጂው ላይ ጻፉት።

አሁን ለእኛ፣ ለቢሮ ሰዎች። ተማሪ ለምን ቅሬታ አያቀርብም? ደንቡን ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ይፈራል። ከእኔ በኋላ የመጣች አንዲት ተማሪን አውቃለሁ። በመምህሯ ላይ አቤቱታ ጻፈች። አቤቱታው «ለሚመለከተው» ተብሎ ተመራ። የሚመለከተው ማን ሆነ? ራሱ መምህሩ! በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ይዞ ገባ። አላነበበውም። ጠረጴዛው ላይ ብቻ አስቀመጠው። እሷ ከሁለተኛው ረድፍ የራሷን የእጅ ጽሑፍ ታየዋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ። ኮርሱን በዚያ ሳምንት አቋረጠች። ደንባችን ላይ «ቅሬታ ያቀረበ ተማሪ በቀል አይደርስበትም» ተብሎ መጻፉ ጥሩ ነው። ግን ወረቀቱን ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? በዚያ መምህር ሥር ፈተና ያላት ተማሪ ወረቀቷን ሌላ ሰው እንዲያርም እናደርጋለን ወይ? በቀልን የሚከለክለው ይኼ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ድጋፍ።

በ2018 የታተመ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የተያያዘ ጥናት አለ። በ8 አገሮች፣ በ19 ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወደ 14,000 የሚጠጉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቋል። 35 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ችግር ምልክት ነበረባቸው። ከሦስት አንድ ማለት ነው። በቀኛችሁ ያለውን እዩ፤ በግራችሁ ያለውን እዩ። ይህ ዕድሜ ራሱ እንዲህ ነው። በአሜሪካ በ2005 የታተመ ትልቅ ጥናት በሕይወት ዘመን ከሚከሰተው የአእምሮ ሕመም ሦስት አራተኛው 24 ዓመት ሳይሞላ እንደሚጀምር አሳይቷል። በዓለም ደረጃ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው።

ስለዚህ ክስ ተብሎ ወደ እኛ ከሚመጣው ነገር ስንቱ ምልክት ነው? ጎበዝ የነበረ ልጅ ድንገት ክፍል መቅረት ሲጀምር። ሰላምተኛው ተሳዳቢ ሲሆን። ለሳምንት ያልታጠበ፣ ቀን የሚተኛ፣ ሌሊት የሚዞር። ዕቃውን ለጓደኞቹ ማደል የጀመረ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? ሁሉም ሕመም ነው አልልም። ጥፋት ጥፋት ነው። ግን ሳንጠይቅ አንለየውም።

ፕሮክተሮች፣ እናንተ ከማናችንም በፊት ታያላችሁ። ጓደኞችም እንዲሁ። ሰው «መኖር ሰልችቶኛል» ካላችሁ ወሬ አታስቀይሩ። በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» በሉት። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም፤ በዚህ ላይ ባለሙያዎች ይስማማሉ። ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ሰው እፎይ ይላል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። አብራችሁት ሆናችሁ ደውሉ። አብራችሁት ሂዱ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የምክር አገልግሎት ባለሙያም ቢሆን የነገራችሁትን በምስጢር ይይዛል፤ ሕይወት አደጋ ላይ እንደመሆን ባሉ ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው የሚናገረው። ይህንንም ገና ከመጀመሪያው ይነግራችኋል።

ደንብና ድጋፍ እንዴት እንደሚገናኙ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጠጥ አብዝቶ ራሱን ለሳተ ጓደኛቸው እርዳታ ለመጥራት ይፈሩ ነበር። ለምን? አምቡላንስ ሲመጣ ክስም አብሮ ይመጣላ! በ2002 ደንቡ ተለወጠ። ለሕክምና የጠራም ሆነ የታከመው በመጠጡ ምክንያት አይቀጣም ተባለ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ለእርዳታ የሚደወለው ስልክ ጨመረ። አንዲት አንቀጽ ናት። የእኛን ደንብ ከፍታችሁ እዩት። ጓደኛውን ለማዳን የደወለ ልጅ ምን ይደርስበታል? ካልተጻፈ ይጻፍ። ይህንን ለሴኔቱ በይፋ አቅርቤያለሁ፤ የተማሪዎች ኅብረትም እንዲገፋበት እለምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ይቅር። የምክር አገልግሎትን ቅጣት አታድርጉት። «ማስጠንቀቂያና አምስት ጊዜ የምክር አገልግሎት» ብላችሁ ስትወስኑ ያቺ ክፍል የጥፋተኞች ክፍል ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ምንም ያላጠፋችው፣ እንቅልፍ ብቻ ያጣችው ተማሪ በዚያ በር ስትገባ መታየት ታፍራለች። ልጁን ጋብዙት፤ አብራችሁት እስከ በሩ ሂዱ። አትፍረዱበት።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ።

ወረቀቱን ይዤ ለሰብሳቢያችን ወሰድኩ። ቀና ሰው ነበሩ። አነበቡት። ማህተሙን አዩ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። በማግሥቱ ኮሚቴው እንደገና ተጠራ፤ ልጁ ግን ሊገኝ አልቻለም። ካምፓሱን ለቆ ወጥቷል። አፈላልጎ ለማምጣት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ይግባኝ ማለት እንደሚችል አላወቀም ነበር፤ የደረሰው ደብዳቤም አንድ ቃል አልጻፈለትም። እገዳው ተነሳ። ጥበቃውን ይቅርታ ጠየቀ፤ ጥበቃውም እሺ አሉት። ክፍል ተቀየረለት። ያመለጡትን ፈተናዎች ተፈተነ። ሁለቱን አለፈ፤ አንዱን ወደቀ። በዚያ አንድ ኮርስ ምክንያት ከጓደኞቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ተመረቀ። ያንን ዓመት ልንመልስለት አልቻልንም።

በሌላ ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅሁት። «ወረቀቱ እጅህ ላይ ነበር። ለምን አላሳየኸንም?»

ትንሽ ዝም አለና፣ «መምህር፣ ከተቀመጣችሁት ከአምስታችሁ አንደኛው ያን ማመልከቻ ተቀብሎኝ ማህተም ያደረገበት ሰው ነው» አለኝ። «ስገባ አየኝ፤ አየሁት። እሱ ካወቀ ሁላችሁም ታውቃላችሁ ብዬ ነው። እያወቃችሁ የምትጠይቁኝ መሰለኝ።»

ያ ባልደረባችን ልጁን አላስታወሰውም ነበር። በዚያ ሰሞን ስንቱን ወረቀት ማህተም አድርጎበታል።

ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ኮሚቴ ሁለት ነገር እናደርጋለን። ማንም ተማሪ ከመቅረቡ በፊት ስሙ በቅሬታ መዝገቡ ላይ ይፈለጋል፤ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጠይቃል። «ታምናለህ?» አይደለም ጥያቄው። «በዚህ ሰሞን እንዴት ነህ? የት ነው የምታድረው? እኛ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ?» ነው። አንዳንዱ ምንም የለም ይላል፤ እንቀጥላለን። አንዳንዱ ደግሞ ያለቅሳል። ያኔ ፋይሉን እንዘጋና ውሃ እንሰጠዋለን።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። አዎ፣ አውጡ፤ ፈቅጃለሁ። የሥነ ምግባር ደንቡን ክፈቱና ሁለት ነገር ፈልጉልኝ። ይግባኝ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚባልና ቅሬታ ለማን እንደሚገባ። ያገኘ ይናገር። ያላገኘም ይናገር፤ ካልተገኘ ጥፋቱ የእኛ ነውና ዛሬውኑ እንጽፈዋለን። በሰው ፊት መናገር የማይፈልግ በሩ አጠገብ ሳጥን አለ፤ ስም ሳትጽፉ ወረቀት ጣሉበት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ የተቀመጠችው የምክር አገልግሎት ባለሙያችን ናት። እህቴ፣ እስቲ ተነሺና ይዩሽ። ከዚህ ስብሰባ በኋላ እስከ ማታ ቢሮዋ ክፍት ነው። ቀጠሮ አያስፈልግም።

እሺ፤ ከኋላ እጁን ያወጣው፣ ካንተ እንጀምር።